ሴኡል ላይ ያላለቀስኩት ለቅሶ

ማንም ሳያስቸኩለኝ፣ ላየው ከመጣሁት ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ለምን ተነስቼ ሄድኩ?

መልስ ይሆናሉ ያልኳቸውን ሁሉ ሞክሬአቸዋለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ልጄ ትጠብቀኝ ነበር፤ ሰው በዝቶ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን መልስ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ሴንት ፖል አጠገብ፣ ሪችፊልድ ከምኖርበት ሕንፃ ነው። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንዲት የደሴ ሴት ይኖራሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ ቀኑን ብቻቸውን ይውላሉ። ከሥራ ኦፍ በሆንኩ ቀን እወርድና አነብላቸዋለሁ፤ መጀመሪያ የመጣ ፖስታ፣ ከዚያ መጽሐፍ። ማንበብ ለእኔ እስካሁን ድግስ ነው። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ በሚያገቡበት ዕድሜ ነው፤ በማታ ትምህርት ቤት፣ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። እዚህ አገርም መጥቼ ዓመታት የሆቴል አንሶላ ካጠብኩ በኋላ ነው ኮሌጅ የገባሁት። ዛሬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የደም ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ስም በአንዲት ፊደል ከተሳሳተ ብልቃጡን እጥለዋለሁ፤ ነርሷ ብትቆጣም እጥለዋለሁ። በዚህ ጠባዬ የሚወደኝም የሚሸሸኝም አለ።

ለቅሶ ቤት ግን ጎበዝ አይደለሁም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጥባለሁ። እማማ ይህን ያውቃሉ። «አንቺ እኮ ሰው ሲሞት የመጽሐፍ ገጽ የምትገልጪ ነሽ» ይሉኛል።

እማማ ካወቅኳቸው ጀምሮ ጥቁር ሻሽ ነው የሚያስሩት። ለባላቸው ያዘኑ መስሎኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ስጠይቃቸው ሳቁ።

«ባሌንማ አልቅሼ፣ ተዝካሩን አውጥቼ፣ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ይሄ የአባቴ ነው።»

አባታቸው ኮሪያ ዘምተው ሲሞቱ እማማ በእናታቸው ሆድ ነበሩ። አስከሬኑ ከሌሎቹ ጋር መጥቶ አዲስ አበባ ተቀብሯል። እናታቸው ልጅቷ ጡት ሳትጥል ሌላ ባል አገቡ። እንጀራ አባትየው ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ቀናተኛ ነበሩና «የሞተ ሰው ስም ቤቴ ውስጥ አይነሳ» አሉ። አልተነሳም።

«ሰው ሁሉ መርዶ ተነግሮት ነው የሚያለቅሰው» አሉኝ እማማ። «በጠዋት መጥተው፣ ከብበው ይነግሩታል፤ ይጮሃል፤ ይወጣለታል። እኔ አባቴ መሞቱን የሰማሁት እንደ ሐሜት ነው። አንዷ ውኃ ስትቀዳ፣ አንዷ ስትሳደብ፣ እየለቃቀምኩ ነው ያወቅኩት። ለራስ መርዶ አይነገርም። ታዲያ በየት በኩል ልጀምረው?»

ስለዚህ እርማቸው ሳይወጣ ሰባ ዓመት አለፋቸው።

ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ እንግሊዝኛ ልታስተምር ሴኡል ሄደች። ልጎበኛት ትኬት መቁረጤን ስነግራቸው እማማ ቤተ ክርስቲያን የሰሙትን ነገሩኝ፤ እዚያ ከተማ መሃል ትልቅ የጦርነቱ መታሰቢያ እንዳለ፣ የሞቱት የእኛ ሰዎች ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ።

«አባቴ የሞተበት አገር ሰው ስልክ ሠርቶ ሸጠልኝ» አሉ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው እያሳዩኝ። «በየቀኑ እነካዋለሁ። እኔ ግን አልደርስም፤ ጉልበቴ የለም። ሂጂና ስሙን እዪልኝ። አልቅሽልኝ። ከዚያ መጥተሽ እንደ ወጉ መርዶዬን ንገሪኝ።»

«እሺ እማማ።»

«በሆድሽ አይሆንም። አውቅሻለሁ። ድምፅ አውጥተሽ። እርም በሆድ አይወጣም።»

«እሺ አልኩዎት እኮ።»

የሚባለውንም ነገሩኝ፤ «አባትዬ፣ ያላየሁህ፣ ልጅህ ነኝ» እያልኩ እንድጀምር። አንድ ጊዜ አስደገሙኝ። እንደ ተማሪ አነበነብኩት። «የዜና አንባቢ ነሽ፤ ግዴለም፣ እዚያ ስትደርሺ ይመጣልሻል» አሉ።

ሴኡል የደረስኩት ዛፉ ሁሉ ቢጫ በሆነበት ወቅት ነው። ልጄ ሳምንቱን እንደ ክፍለ ጊዜ ሸንሽናው ጠበቀችኝ። መጀመሪያ ቀን በመሃል ከተማው ሕንፃዎች መካከል ወደሚፈሰው ትንሽ ወንዝ ወረድን። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈሰው፤ ድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፤ የመኪናው ጫጫታ ከላይ ቀርቶ የውኃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ይነክራሉ። እኔም ነከርኩ። በማግስቱ ናምሳን የሚሉት ኮረብታ ላይ ወጣን፤ ጫፉ ላይ ማማ አለ፤ ከግርጌው ፍቅረኞች ስማቸውን ጽፈው የቆለፏቸው ቁልፎች እንደ ንብ መንጋ ተደራርበው አጥሩን ሸፍነውታል።

«ማሚ፣ ያንቺንም እናድርግ?» አለች ልጄ በእንግሊዝኛ።

«ከማን ጋር?»

«ከመጽሐፍሽ ጋር።»

ሦስተኛው ቀን የድሮው ቤተ መንግሥት ግቢ ወሰደችኝ። የአገሩን የድሮ ልብስ ተከራይቶ የለበሰ ሰው በነፃ ይገባል። ልጄ ሰፊ ሮዝ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ፀጉሬን አስያዘችኝ። በግቢው ኩሬ መሃል ባለችው ትንሽ ቤት ፊት ለፊት ያነሳችኝ ፎቶ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። አፌን ከፍቼ ስቄአለሁ። እንደዚያ የሳቅኩበት ሌላ ፎቶ የለኝም። ያን ጊዜ የሰው ለቅሶ ተሸክሜ ነበር፤ ፊቴ ላይ ግን ምንም አይታይም።

ልጄ ስለ መታሰቢያው ስነግራት ወዲያው «እንሂድ» ብላ ነበር። እኔ ነኝ «ብቻዬን እሄዳለሁ» ያልኩት። ስጮህ እንድታየኝ አልፈለግኩም። አንድም ቀን ስጮህ አይታኝ አታውቅም።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ እሷ ክላስ ነበራት፤ እኔ በባቡር ሄድኩ። ባቡሩን አልሳትኩም፤ መውጫውን አልሳትኩም። ቦታው አደባባይ ነው፤ እንደዚያ ሰፊ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ከዋናው ሕንፃ በፊት ባንዲራዎች ተደርድረዋል። በአንድ ወገን ሣር ላይ አሮጌ አውሮፕላኖችና ታንኮች ቆመዋል፤ ሕፃናት ደረጃ እየወጡ ወደ ውስጣቸው ያያሉ። ከሕንፃው ግራና ቀኝ ጣሪያ ያለው ረጅም መተላለፊያ አለ፤ በጎኑ ክፍት ነው፤ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። ስሞቹ እዚያ ናቸው። የድንጋይ መቀመጫ አገኘሁና ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩበት ሰሌዳው ይታየኛል፤ ፊደሉ አይነበብም።

የተማሪዎች ቡድን በመተላለፊያው እያለፈ ነበር። እስኪያልፉ ልጠብቅ አልኩ። አለፉ። ሽማግሌዎች መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆመው ሄዱ። ከዚያ ማንም አልነበረም። መተላለፊያው ባዶ ነበር። «አባትዬ፣ ያላየሁህ» የሚለውን በልቤ አልኩት። በአፌ ልለው ስል አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች አለፈች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ፤ እኔም አጸፋውን መለስኩ።

ስልኬ ጮኸ። ልጄ ክላሷ ካንስል ሆኗል፤ የሀን ወንዝ ዳር ያለው መናፈሻ እንገናኝ ትላለች።

«እየመጣሁ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ ብላት ምንም አትለኝም ነበር። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ አልኩ ለራሴ።

ወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ሣር ላይ ምንጣፍ ዘርግቷል። ከሱቅ የገዛነውን መኮሮኒ በሱቁ ማሽን በወረቀት ሳህን አፍልተን በላን። ፀሐይ በድልድዩ ሥር ስትገባ ልጄ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አሳረፈች። «አገኘሽው?» አለችኝ በአማርኛ። «አገኘሁት» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነው፤ ቦታውን አግኝቻለሁ በሚል ትንሽ እውነት የተጠቀለለ።

በረራዬ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋቱን በሙሉ ካልሲ ስገዛ አረፈድኩ።

ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እማማ ደወሉ።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ እማማ።»

«አደረስሽልኝ?»

«አዎ።»

«ተይ፣ በቃ፣ ሌላ እንዳትነግሪኝ» አሉ ቸኩለው። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ቅዳሜ በማለዳ ውረጂ።»

ቅዳሜ ልነግራቸው ወስኜ ነበር። እንዲያውም አረፍተ ነገሩን አዘጋጅቼ ነበር፤ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ሳልችል ቀረሁ» የሚል። ገና ሳይነጋ ደረጃውን ወረድኩ። በራቸው ላይ የበረዶ ቦት ጫማ ተደርድሯል። ብቻቸውን የማገኛቸው መስሎኝ ነበር። ስገባ ሶፋው ተነስቷል፤ ፍራሽ ተዘርግቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሺፍቱን ቀይሮ ጥግ ላይ ቆሟል። እማማ መሃል ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንደ ትንሽ ልጅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

ከአፕል ቫሊ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት «በይ እንግዲህ» አሉኝ። «የሄድሽበትን ንገሪያት።»

«እማማ» አልኩ። «አባትዎ አርፈዋል።»

ይህኛው እውነት ነው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ። ግን እማማ ቀና ብለው «ስሙን አየሽው?» አሉኝ፤ ሁሉም ያዩኛል።

«አየሁት።»

«እንዴት አድርገው ጽፈውታል?»

«ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ከላይ ሦስተኛው መስመር። እጄን አሳረፍኩበት፤ ቀዝቃዛ ነው።»

ማንም ስለ መስመር አልጠየቀኝም ነበር። አንድ ፊደል ስቷል ብዬ የታማሚ ደም የምደፋ ሴት፣ ያላነበብኩትን ሰሌዳ መስመር ቆጠርኩ።

እማማ ያን ጊዜ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ሴቶቹ አብረው ተነሱ። «አባትዬ፣ ያላየሁህ» አሉ እማማ፤ እኔን ያስጠኑኝን ቃል፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሌላ ነበር። ልጃቸው ግድግዳው ላይ ግንባሩን አሳርፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ረፋድ ላይ ንፍሮ ሲዞር ከሴቶቹ አንዷ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

«እሷም ለካ ታለቅሳለች።»

«እኔ እኮ ሳህን ከማጠብ ሌላ የምትችል አይመስለኝም ነበር።»

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ።

እማማ ሐዘናቸውን ጨርሰው ሲነሱ ሰማያዊ ሻሽ አሰሩ። ደረጃው ላይ ሳገኛቸው አላወቅኳቸውም። እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል ይሉ ጀመር። ወገባቸውም የተሻለ መሰላቸው። ለማንም ስለ አባታቸው ያወራሉ፤ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አማርኛ የማይሰማ ሰው እንኳ ቢሆን። ለልጅ ልጆቻቸው «ከላይ ሦስተኛው መስመር» እያሉ ይነግራሉ፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይደግሙታል።

ብነግራቸው ጥቁሩን ሻሽ መልሼ ላስርባቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ምክንያት ወደድኩት፤ ደግ ያስመስለኝ ነበር። ለራሴ ብዬ የዋሸሁትን፣ ለእሳቸው ስል ዝም አልኩ ማለት ጀመርኩ። ሆኖም ላነብላቸው መውረድ ከበደኝ። ሺፍት በዝቶብኛል አልኩ፤ ያልነበረኝን ሺፍት ጠይቄ ወሰድኩ። እማማ ግን ይልቁን ምስጋናቸው ባሰ። ሳልወርድ ስቀር ዳቦ ጋግረው ልጃቸውን ወደ ላይ ይልኩታል። ዳቦውን እየበላሁ መጽሐፌን እገልጣለሁ፤ ያው ገጽ ላይ እቆያለሁ።

በሚቀጥለው በጋ በሬን ራሳቸው አንኳኩ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል።

«ሴንት ፖል ውሰጂኝ» አሉ።

«ምን አለ ሴንት ፖል?»

«የዚህ አገር ልጆችም እዚያ ጦርነት ላይ ሞተዋል አሉ። ከግዛቱ ምክር ቤት ፊት ለፊት መታሰቢያ አላቸው። የእኔ ሰው ባሕር ተሻግሮ አልቅሶልኛል፤ እኔ እዚህ አጠገቤ ያሉትን ሳልደርስ ልሙት? ለቅሶ ብድር ነው፣ ልጄ። ያንቺን ነው የምከፍለው።»

«ነገ ብናደርገው» አልኩ። «መኪናሽ ተበላሽቷል?» አሉ። አልተበላሸም።

ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳቸው። ነጩ ጉልላት ያለው የምክር ቤት ሕንፃ ያለበት ሣር ሰፊ ነው። የነሐስ ወታደር ቆሟል፤ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ያያል። አጠገቡ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፤ ሰዎች ከውሻቸው ጋር ይሮጣሉ። እማማ ምርኩዛቸውን ሰጡኝ። የተጻፈ ስም ይኑር አይኑር አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ወታደሩ እግር ሥር ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ የማያውቋቸውን ሰዎች «ወንድሞቼ፣ የእናንተስ እናት» እያሉ አለቀሱ። አንድ የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ኮፍያውን ነካ አድርጎ አለፈ። ሙሽራዋ ዞር ብላ አየችና ወደ ፎቶዋ ተመለሰች። ሌላ ምንም አልሆነም። ሰማይ አልወደቀም፤ ማንም አልሳቀም።

ሲጨርሱ ዛፍ ጥላ ሥር ካለ አግዳሚ አስቀመጥኳቸው። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ጠጡ።

«በይ፣ አሁን ተካካስን» አሉ አፋቸውን ጠርገው። «ብድር የለብኝም።»

«እማማ፣ እኔ እዚያ አላለቀስኩም።»

«እንባ እምቢ ካለ ምን ይደረጋል፤ ድምፁ ይበቃል።»

«ድምፅም አላወጣሁም። ስማቸውንም አላየሁም። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር፤ ተነስቼ ሄድኩ።»

የውኃውን ጠርሙስ ክዳን ፈልገው አገኙት፤ ቀስ ብለው ገጠሙት።

«ሦስተኛው መስመርስ?»

«ከራሴ ነው።»

ጠርሙሱን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። እንዲሰድቡኝ ፈለግኩ።

«ልጆቹ ይናገሩታል» አሉ። «ሦስተኛ መስመር እያሉ። ትምህርት ቤት ሳይቀር ተናግረውታል።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ መስመር ባትቆጥሪ ምን ነበረበት?»

ምርኩዛቸውን ከአንድ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ስሚ» አሉ። «ያለቀስኩት አባቴን ነው። ጉሮሮዬ ነው የተሰነጠቀው። እሱን አንቺ አልሰጠሽኝም፤ ልትወስጂብኝም አትችዪም። ሻሼን አልቀይርም። ውሸቱ ግን ያንቺ ነው፤ እኔ አልሸከምልሽም። ሴቶቹን ቅዳሜ እጠራቸዋለሁ። እኔ አልነግራቸውም። ያው እንደዚያ ቀን ቆመሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ልጆቹንም አስመጣቸዋለሁ።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ ማለትስ ትችዪበታለሽ።»

በመልሱ መንገድ መስኮቱን ነው ያዩት። የመኪናውን ቀበቶ መፍታት አይሆንላቸውም፤ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምፈታላቸው። ሪችፊልድ ደርሰን ስቆም እጄን ስዘረጋ ገፋ አደረጉት። ራሳቸው ታገሉት። አውራ ጣታቸውን እያቀያየሩ፣ እየተነፈሱ፣ ቁልፉን ፈለጉ፤ እኔ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ተፈታ። ወረዱና ምርኩዛቸውን አስተካከሉ።

«ቅዳሜ፣ በማለዳ» አሉና በሩን ዘጉት።